መንገደኛው ያልሄዱባቸው ጉዞዎች

ዛሬ ለሽኝታቸው የተሰበሰባችሁ ጎረቤቶች፣ ባልደረቦችና ዘመዶች «መንገደኛው» እያላችሁ የምትጠሯቸው አንጋፋው ቀያሽ የዛሬ ሰባ ስድስት ዓመት ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት በስተጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እናታቸው ሲያወሩ፣ ልጃቸው ወደዚህ ዓለም መጥተው መጀመሪያ የሰሙት ድምፅ የመጋዝ ነበር ይሉ ነበር። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ፣ ከወንዶቹ ደግሞ የመጀመሪያው ነበሩ።

ይህ የሕይወት ታሪክ ዓመት እየዘለለ አይሄድም። መንገደኛው ከማረፋቸው ከሦስት ሳምንት በፊት ትልቋን ልጃቸውን አስጠርተው፣ «ታሪኬን አንቺ ትጽፊዋለሽ፤ ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጠሽ ካስነበብሽ ግን ተነሥቼ አርምሻለሁ» ብለዋታል። ሲናገሩ እየሳቁ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ቀልድ አልነበረም። ስለዚህ ከወዲሁ በግልጽ ይነገር። መንገደኛው ከዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ሐኪሞች ከባድ ድባቴ የሚሉት ሕመም ነበረባቸው። በዕድሜያቸው ስድስት ጊዜ ጥሎ አስተኝቷቸዋል። አንዴ ሊወስዳቸው ሲል ለጥቂት ነው የተረፉት። እኛ ቤተሰቦቻቸው ደግሞ ይህን ከእናንተ ለመደበቅ ያላደረግነው ነገር የለም።

በልጅነታቸው ሒሳብ የሚወዱ፣ የአባታቸውን ሜትር ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ያገኙትን ሁሉ የሚለኩ ልጅ ነበሩ። አንድ ቀን የክፍል አስተማሪያቸውን ወንበር ለክተው አንደኛው እግር በግማሽ ጣት እንደሚያጥር አስታወቁ። አስተማሪው ለዓመታት የሚወላገዱት በራሳቸው ጥፋት ይመስላቸው ነበርና አመስግነዋቸዋል ይባላል። እስከ ዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ድረስ ከክፍላቸው ሁለተኛ ወጥተው አያውቁም።

የመጨረሻው የትምህርት ዓመት አጋማሽ ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ከአልጋቸው ሳይነሡ ቀሩ። ማክሰኞም አልተነሡም። ሳምንቱ ሲሞላ እናታቸው ወባ ነው አሉ፤ እኅቶቻቸው የሴት ጉዳይ ነው አሉ፤ አባታቸው ስንፍና ነው አሉ። አባታቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያውቁት መድኃኒት ግን መፍቻና መዶሻ ነበር። የልጃቸውን ክፍል መዝጊያ ከማጠፊያው ነቅለው ወሰዱትና፣ ሰው እየተመለከተው የሚተኛ ካለ እናያለን አሉ። ልጁ አራት ወር ሙሉ ሰው እየተመለከታቸው ተኙ። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ የዕድሜያቸውን አጋማሽ አልጋ ላይ ያሳለፉ፣ «ሰነፉ» የሚባሉ አንድ አጎትም ነበሩ። የአጎትየውን ነገር ከወንድማቸው ልጅ ነገር ጋር ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም።

ሕመሙ እንደ አመጣጡ ሄደ። ወደ ትምህርት ቤት ሲመለሱ ጓደኞቻቸው አልፈው ሄደዋል። አባታቸው መዝጊያውን መልሰው ገጠሙት፤ ስለ ጉዳዩ አባትና ልጅ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ አባትየው ዐረፉ። መንገደኛው ትምህርታቸውን በአንድ ዓመት ዘግይተው በጥሩ ውጤት ጨረሱ። ከዚያም የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው የቅየሳ ሙያ ተማሩና በሃያ ሁለት ዓመታቸው በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ችካል የሞላ ጆንያ አስይዘው፣ መንገድ በሌለበት ሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እርሳቸው ነበሩ። ዛሬ ወደዚህ ስትመጡ ያቋረጣችሁትን ድልድይ የት ላይ እንደሚቆም የለኩት እርሳቸው ናቸው።

በሃያ ሰባት ዓመታቸው በአንድ ድርጅት የስልክ ማዞሪያ ላይ ይሠሩ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። ባለቤታቸው በቀን ሁለት መቶ ጊዜ «ለጊዜው የሉም፣ መልእክት ልቀበል?» የሚሉ ሰው ነበሩ። ይህ ሙያቸው በኋላ ቤታቸው ውስጥ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋቸው ያኔ አላወቁም። በአራት ዓመት ውስጥ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ወንዱ ልጅ በተወለደ በሦስተኛው ወር ሕመሙ ዳግመኛ መጣ። መንገደኛው ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። በኋላ ዘመን ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ፣ «ሐዘን አይደለም፤ ሐዘንማ ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር» ይሉ ነበር። አንዷን ካልሲ አጥልቀው ሁለተኛዋን እስኪያጠልቁ ድረስ ምሳ ሰዓት ይደርስ እንደነበር፣ እግራቸውንም እንደ ሰው ዕቃ ያዩት እንደነበር ነግረውናል። የልጃቸውን ለቅሶ ይሰማሉ፤ ያሳዝናቸዋል ብለው ይጠብቃሉ፤ አያሳዝናቸውም። ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነበር ይሉ ነበር።

ባለቤታቸው ፈሩ። ያኔ ሰው «አእምሮ» የሚለውን ቃል ሲሰማ በልቡ የሚጨምርበት «እብድ» የሚለውን ነበር፤ እብድ የተባለ ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ሥራም ዕድገትም አይኖርም። ጎረቤት ሲጠይቃቸው አፋቸው የለመደውን ተናገሩ። «የለም፤ መስክ ወጥቷል» አሉ። ቀያሽ መስክ ቢወጣ ማን ይገረማል? መንገደኛው ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ ከጎረቤታቸው ድምፅ ዐሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ተኝተው ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ ሲሻላቸው ሌላ ችግር መጣ። ሄደ የተባለ ሰው መመለስ አለበት። ባለቤታቸው አንድ ማለዳ ሰፈሩ ሳይነቃ በጓሮ በር አስወጧቸው። ሻንጣቸው ባዶ እንዳይመስል ብርድ ልብስ ተከተተበት፤ ጫማቸው የአትክልት ቦታ አፈር ተቀባ። መንገደኛው ሩቅ ገበያ ሄደው ለጎረቤት የሚታደል ብርቱካን ገዙና ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በታክሲ ዋናው በር ላይ ወረዱ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እንኳን ደኅና ገባህ አላቸው። አጥር የሚዋሰኗቸው ልብስ ሰፊው ብቻ ቀረብ ብለው አዩአቸውና፣ «መስክ የከረመ ሰው እንዴት እንዲህ ይነጣል?» ብለው ጠየቁ። መንገደኛው፣ «ዋሻ ነው ስንለካ የከረምነው» አሉ። ልብስ ሰፊውም አመኑ። «መንገደኛው» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚያ ሰሞን ነው።

በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ለሦስተኛ ጊዜ ሲታመሙ ውሸቱ አድጎ ነበር። ለጎረቤት መስክ፣ ለመሥሪያ ቤት ጨጓራ፣ ለባለቤታቸው ዘመዶች ደግሞ ሥልጠና ሆነ። ሁለቱ ልጆች ለማን ምን እንደሚባል ከትምህርታቸው እኩል አጠኑ። ትንሹ ግን አስተማሪው ድንገት ሲጠይቀው ተደናግጦ፣ «አባዬ ለጨጓራው መስክ ሄዷል» አለ። ዛሬ ስናነሣው ያስቃል። ያን ቀን ግን ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቤት ገብቶ አባቱን ያጋለጠ መስሎት አልቅሷል፤ አባትየውም ከአልጋቸው ሆነው ሰምተውታል። ሊያባብሉት መነሣት አልቻሉም።

በሕመሞቹ መካከል የነበሩት ዓመታት መልካም ነበሩ፤ ይህም እንዲረሳ አይፈልጉም ነበር። ሲሻላቸው ቤቱን በሳቅ የሚሞሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ሜዳ ወስደው በመለኪያ መሣሪያቸው ሩቅ ያለ ሰው ሲያስነጥስ የሚያሳዩ አባት ነበሩ። ወጣት ቀያሾችን ያሠለጥኑ ነበር፤ ከእነርሱ ሠላሳ የሚሆኑት ዛሬ በየቦታው የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ናቸው። ተማሪዎቻቸው እንደሚሉት ቁጣቸው የሚመጣው ሰው ሲሳሳት ሳይሆን የተሳሳተውን ሲደብቅ ነበር። ይህንን እያስተማሩ ቤታቸው ገብተው መስክ ሄዶ የመጣ ሰው መምሰል ያሳፍራቸው እንደነበር ለልጆቻቸው የተናገሩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አራተኛው ሕመም በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው መጣ። ምክንያቱን ብዙ ፈልገናል። ሥራቸው ጥሩ ነበር፤ ልጆቻቸው ጤነኞች ነበሩ፤ ከባለቤታቸው ጋርም ሰላም ነበሩ። ምክንያት አልነበረውም። ለጎረቤት እንደተለመደው መስክ ሄደዋል ተባለ። በሁለተኛው ወር፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ ባለቤታቸው ሥራ ላይ ልጆቹም ትምህርት ላይ ሳሉ፣ መንገደኛው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ለማጥፋት ሞከሩ።

ልብስ ሰፊው ከአጥሩ ማዶ ሱሪ እየተኮሱ ሳለ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰሙ። ቤቱ ውስጥ ሰው እንደሌለ ያውቃሉ፤ ባለቤትየው ሥራ፣ ባልየው መስክ ናቸው። ስለዚህ ሌባ ነው ብለው የእንጨት መለኪያቸውን ይዘው አጥሩን ዘለሉ፤ የኋላውን በር በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱ። ሌባ ሊይዙ ገብተው የቤቱን ጌታ ወለል ላይ አገኟቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ የተጠጋው እኒህ ሰው መንገደኛውን ተሸክመው አስፋልት ድረስ አወጡ፤ ዳቦ የሚያከፋፍል መኪና መንገድ ዘግተው አስቆሙና ሐኪም ቤት አደረሱ። ሐኪሞቹ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ አይተርፉም ነበር ብለዋል።

ባለቤታቸው ሲደርሱ ልብስ ሰፊው የሐኪም ቤቱ ኮሪደር አግዳሚ ላይ የሜትር ገመዳቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ተቀምጠው ነበር። ግራ ገብቷቸው፣ «እትዬ፣ ባልዎ መቼ ነው የተመለሱት?» ብለው ጠየቁ። ባለቤታቸውም በዐሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገሩ። «አልሄደም። አንድም ቀን አልሄደም» አሉ። ከዚያም ያ ሁሉ ዓመት የያዙት ለቅሶ መጣ፤ ልብስ ሰፊውም እጃቸውን ይዘው አብረው አለቀሱ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ባለቤታቸው ጎረቤቶቻቸውን ግቢው ውስጥ ሰብስበው ቆመው ነገሯቸው። አንዲት ጎረቤት፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ብርቱካን ከየት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሌላዋ ደግሞ፣ «እኔ ስንት ዓመት ባሌን፣ የሰው ባል ከመንገድ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ አንተ የሚታጠብ ልብስ ይዘህ ትመጣለህ እያልኩ ስጨቀጭቀው!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁም ሳያልቅ ተቃቀፉ። እውነት እንናገር ከተባለ ግን ሁሉም እንዲህ አልሆኑም። ልጆቻቸው ግቢያችን እንዳይገቡ የከለከሉ ነበሩ። የመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊም መንገደኛውን ለአንድ ዓመት ከመስክ ሥራ አግደው ካርታ ማጠፍ ላይ አስቀምጠዋቸዋል።

መንገደኛውን የተቀበሏቸው ሐኪም ድርቅ ያሉ ሴት ነበሩ። የሕመሙን ስም ነግረዋቸው፣ «ይመለሳል፤ አልዋሽዎትም። ሲመለስ ግን ብቻዎን አያገኝዎትም» አሏቸው። የመጀመሪያው መድኃኒት ቀን ከሌት አስተኛቸው። ሁለተኛው እጃቸውን አንቀጠቀጠው፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ቀያሽ ደግሞ በመሣሪያው ውስጥ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ነው የሚታየው። ሦስተኛው ተስማማቸው። ሐኪሟ በነገሯቸው መሠረት ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ሳያቋርጡ ወስደዋል።

በቅየሳ ሥራ አንድ ልማድ አለ። ቀያሽ መሬት ሲለካ ከተነሣበት ነጥብ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ነጥብ ይመለሳል። መጀመሪያና መጨረሻው በትክክል አይገጥምም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ስሕተት አለ። ያ ስሕተት በሙሉ በአንዱ ነጥብ ላይ ከተጫነ ካርታው ይበላሻል። ስለዚህ በየነጥቡ ላይ ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከምንም አይቆጠርም። መንገደኛው ከሐኪም ቤት ወጥተው ጥቂት እንደ ተረጋጉ የመስክ ደብተራቸውን አወጡና ለሕመማቸውም እንዲሁ አደረጉ። ጢማቸውን መላጨት ሲያቆሙ፣ ራዲዮ ሲያስጠላቸው፣ ለተጠየቁት ሁሉ «እንደፈለጋችሁ» ማለት ሲያበዙ፣ ያ ምልክቱ ነው ብለው ጻፉ። ቀጥሎ ማን በየትኛው ቀን በየትኛው ሰዓት አብሯቸው እንደሚቀመጥ በሰንጠረዥ አወጡ። ጠዋት ባለቤታቸው፣ ማታ ልጆቻቸው፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ልብስ ሰፊው ነበሩ።

ደብተሩ ለዘጠኝ ዓመት ሳይፈለግ ተቀመጠ። በእነዚያ ዓመታት ወደ መስክ ተመለሱ፤ የውኃ መስመር ለኩ፤ ልጃቸውን ዳሩ። በሠርጉ ላይም ከሙዚቃው ጋር ምንም በማይገናኝ ጭፈራ ሕዝቡን በሳቅ አስለቅሰዋል። በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ሕመሙ ሲመለስ ሁሉም በተራው መጣ። ልብስ ሰፊው ዐይናቸው ደክሞ ነበር፤ ያም ሆኖ ቁልፍ የሚተከልበት ሸሚዝ ይዘው መጥተው አልጋው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ጨዋታ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ለበሽተኛው የተመቻቸውም ይኸው ነበር። ቀድሞ አምስትና ስድስት ወር ይፈጅ የነበረው ሕመም በዘጠኝ ሳምንት ለቀቃቸው። ሲነሡም ዋናውን በር ከፍተው፣ ያለ ሻንጣ፣ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሄደው ሻይ ጠጡ። በስድሳ ዓመታቸው በክብር ጡረታ ወጡ።

ስድሳ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ባለቤታቸው በድንገት ዐረፉ። ሁላችንም ዐይናችንን ከእርሳቸው ላይ አልነቀልንም። እርሳቸው ግን አለቀሱ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ የሟቿን ልብስ በእጃቸው አጣጥፈው አስቀመጡ። ልጆቻቸው ሲጨነቁባቸው፣ «ይሄ ሐዘን ነው፤ ያኛው አይደለም። ሐዘን ላይ ሻዩ ሻይ ሻይ ይላል» አሏቸው። ሕመሙ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የወደቁትም ያኔ ነው፤ ሐኪማቸው ዘንድ የደወሉት ግን ራሳቸው ነበሩ። በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ጢማቸውን ተላጩ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ መንገደኛው በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተዋል። ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በቤታቸው፣ ወንድ ልጃቸው ጋዜጣ እያነበበላቸው ዐርፈዋል። በሠላሳም በሃምሳም ሊገድላቸው ይችል የነበረውን ሕመም ስድስት ጊዜ ተሻግረው በሰባ ስድስት ዓመታቸው በልብ ሕመም መሞታቸው ለቤተሰቡ እንደ ድል የሚቆጠር ነው። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን ይስጥልን፤ ከባለቤታቸውና አስቀድመው ከሄዱት ከልብ ሰፊ ጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊው ጋር በሰላም ያገናኝልን።

መንገደኛው ከሁለቱ ልጆቻቸው አምስት የልጅ ልጆች አይተዋል። አራቱ ዛሬ ከፊት ተቀምጠዋል። አምስተኛዋ፣ የትልቋ ልጃቸው ልጅ፣ እዚህ የለችም። የት ሄደች ብላችሁ ለጠየቃችሁን ሁሉ ላለፉት ሦስት ወራት ለትምህርት ሩቅ አገር ሄዳለች ብለናችኋል። ያን የተናገረችው ይህን ጽሑፍ የጻፈችው እናቷ ናት። መንገደኛው ይህን የሰሙ ዕለት የተቆጡትን ቁጣ ልጃቸው በሕይወቷ አይታ አታውቅም። «እኔን መንገደኛ አድርጋችሁ አኖራችሁኝ፤ እሷን ደግሞ የት ልትልኳት ነው?» አሏት። እርሳቸው የልጅ ልጃቸው ዘንድ እየሄዱ አልጋዋ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ልባቸው ደክሞ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይደውሉላት ጀመር። እሷ አትናገርም፤ እርሳቸውም አይናገሩም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁለቱም ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ይቆያሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወሉላት ከማረፋቸው አንድ ቀን በፊት ሰኞ ዕለት ነው።

ልጅቷ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የትም አልሄደችም። ከዚህ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ባለው ቤታችን ውስጥ በአያቷ በሽታ ታማ ተኝታለች። ዛሬ ጠዋት ጥቁር ልብሷን ለብሳ እስከ ቤታችን ደጃፍ ወጥታ ነበር፤ ደጃፉን ማለፍ ግን አልቻለችም። ከቀብር ስትመለሱ በሩ ክፍት ነው። ላታናግራችሁ ትችላለች፤ አትቀየሟት። ወንበር ስባችሁ አጠገቧ ተቀመጡ።